ክኒኑና ዮጋው አይጣሉም

«ልጄ፣ እስቲ ይህችን ወረቀት አንብብልኝ። ፊደሏ ደቃቅ ሆነችብኝ» አሉኝ ጎረቤታችን። የሰጡኝ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈውን ወረቀት ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ስለ ጡንቻ ሕመም የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ «እሱን፣ እሱን ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ወደ ጓዳው በር ዞር ብለው አዩ። ባለቤታቸው ቡና እየወቀጡ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከተውኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ለእሷ ግን እንዳትነግራት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸው 61 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። የጠበበው የልባቸው የደም ሥር ወንፊት በመሰለች ትንሽ የብረት ቱቦ ተከፈተላቸውና ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ሐኪማቸው አቶርቫስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክኒን በየቀኑ እንዲወስዱ አዘዙላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ወሰዱ። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ልጃቸው «አባዬ፣ ሰውነትህን አፍታታ» ብላ በሰፈሩ አዳራሽ ወደሚሰጥ የዮጋ ትምህርት ወሰደቻቸው። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ከወጣቶች እኩል አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያጎነብሱ፣ ቁጢጥ ሲሉና ሲነሱ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ጭናቸው ታሠረ። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃታቸው። ይህን ያየ አንድ ወዳጃቸው «ያ የምትውጠው ክኒን እኮ ጡንቻ ይበላል» አላቸው። ጋሼም ክኒኑንም ዮጋውንም በአንድ ቀን ተዉ።

«ተገላገልኩ» አሉኝ።

በእርግጥ ተገላግለዋልን? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ጥያቄያቸው ስላሳሰበኝ አንብቤ፣ የሚያውቁትንም ጠይቄ ያገኘሁትን እዚህ ጽፌዋለሁ። ክኒኑን የሚወስዱ፣ ሰውነታቸውንም ለማፍታታት የሚፈልጉ አንባቢዎች ይጠቀሙበታል ብዬ አምናለሁ።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል ሰም የመሰለ የስብ ዓይነት ነው። መርዝ አይደለም። የሰውነታችን ሕዋሳት ግድግዳቸውን ይሠሩበታል። ልዩ ልዩ ሆርሞኖች ይሠሩበታል። ስብን ለመፍጨት የሚረዳው ሐሞትም የሚሠራው ከእሱ ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚያዘጋጀው የራሳችን ጉበት ነው። የቀረውን ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል እናገኛለን። ጤፍ፣ ሽሮና ጎመን ኮሌስትሮል የላቸውም። ስለዚህ ቅቤ የማይወድ፣ ቀጭን የሆነ ሰውም ጉበቱ አብዝቶ ከሠራ ወይም በደንብ ካላጣራ ኮሌስትሮሉ ሊበዛ ይችላል።

ስብ ከውሃ ጋር እንደማይዋሐድ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ከደምም ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በተሸካሚዎች ነው። ኤል.ዲ.ኤል. የሚባለው ተሸካሚ ሲበዛ ኮሌስትሮሉን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያራግፈዋል። ይህ ዝቃጭ በዓመታት እየወፈረ መንገዱን ያጠብባል። አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይመጣል። የተዘጋው የአንጎል ደም ሥር ከሆነ ደግሞ ስትሮክ ይሆናል።

ክፋቱ ኮሌስትሮል ሲበዛ አይቆርጥም፣ አይወጋም፣ አያተኩስም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ነው የሚጎዳው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው። ጋሼ «ተገላገልኩ» ሲሉ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ክኒኑን ሲተዉ ምንም አልተሰማቸውም። የማይሰማ ነገር ግን የለም ማለት አይደለም።

ክኒኑ ከየት መጣ? ምንስ ይሠራል?

እነዚህ ክኒኖች በጠቅላላ ስማቸው ስታቲን ይባላሉ። ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ከነዚሁ ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ስታቲን የተገኘው ከሻጋታ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይደነቅ ይሆናል። አኪራ ኤንዶ የሚባሉ የገበሬ ልጅ የሆኑ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ከ6 ሺህ በላይ የሻጋታና የመሳሰሉትን ዓይነቶች አንድ በአንድ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 በሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ ውስጥ ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚያግድ ነገር አገኙ። በመንገዱ የቀጠሉ ሌሎች ተመራማሪዎች የሠሩት ሎቫስታቲን የሚባለው ክኒን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈቀደ። ኤንዶ በ90 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2024 አረፉ። ይህን ሲሰማ እንጀራ ላይ የወጣ ሻጋታ መድኃኒት ነው ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር። ሻጋታ መርዝም አለው፤ አይበላም።

ክኒኑ የሚሠራው በጉበት ላይ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ጉበቱም ኮሌስትሮል ሲያንሰው በደም ውስጥ የሚዞረውን ኤል.ዲ.ኤል. እየሳበ ይወስዳል። በዚህ ዓይነት ኤል.ዲ.ኤል. እንደ ክኒኑ ዓይነትና መጠን ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ኤል.ዲ.ኤል. በላቦራቶሪ ልክ ወደ 39 ሚሊግራም በቀነሰ ቁጥር የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ክኒኑ ሲቋረጥ ግን ኮሌስትሮሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ክኒኑ እንደ ጣሪያ ነው። ዝናብ ስላልመታን ብቻ ጣሪያውን አናፈርስም።

ዮጋስ ምንድን ነው?

ዮጋ ከህንድ አገር የመጣ፣ ሰውነትንና ትንፋሽን አብሮ የማሠራት ልምድ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር እንደሚጠመዱ፣ የሰውነት እንቅስቃሴና ትንፋሽም እንዲሁ አንድ ላይ እንዲሄዱ ይደረጋል። ሰውየው ቀስ ብሎ ይዘረጋል፣ ያጎነብሳል፣ በአንድ እግር ይቆማል፣ በመጨረሻም በጀርባው ተንጋሎ ያርፋል። በህንድ አገር ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች እንደ ስፖርት ይሠራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ የዮጋ ቀን ሆኖ ይከበራል። ስሙ የሚከብደው ሰው ካለ እንቅስቃሴውን ብቻ ማፍታቻ ብሎ ሊሠራው ይችላል። ጡንቻ ስም አይጠይቅም።

ዮጋ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል፣ የታሠረ ወገብንና ትከሻን ያላቅቃል፣ ጭንቀትን ያረግባል። የደም ግፊትንም በመጠኑ ሊያግዝ ይችላል። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ዮጋ ኮሌስትሮልን ቢቀንስ በጥቂቱ ነው፤ የክኒኑን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ «ዮጋ ጀምሬያለሁ፤ ክኒኑ አያስፈልገኝም» ማለት ስህተት ነው። የእግር ጉዞንም አይተካም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ እንዲያደርግ ይመክራል።

ሁለቱ የሚገናኙት ጡንቻ ላይ ነው

ክኒኑ ጉበት ላይ ይሠራል፤ ዮጋው ጡንቻ ላይ። ታዲያ ምን አገናኛቸው? ስታቲን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጡንቻ ሕመም ያመጣል። ያልለመዱት እንቅስቃሴም የጡንቻ ሕመም ያመጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ የየትኛው እንደሆነ ሳይለይ ጥፋቱ ሁሉ በክኒኑ ይላከካል።

የእንቅስቃሴውን ሕመም ሁላችንም እናውቀዋለን። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ የዋለ ሰው በማግስቱ ጭኑና ባቱ ይታሠራል። አጨዳ የጀመረ ገበሬ ወገቡን ያመዋል። ተራራ ወጥቶ የወረደ ተማሪ በሦስተኛው ቀን እንደ ሽማግሌ ይራመዳል። ይህ በሽታ አይደለም። ያልለመደ ጡንቻ በጥቃቅኑ ይላላጣል፤ ከዚያም ራሱን ጠግኖ ከበፊቱ ይበረታል። ጋሼ በዚያ አዳራሽ ቁጢጥ ሲሉ የዋሉት ለስንት ዓመት ያልሠሩትን ሥራ ነው። ጭናቸው ባይታመም ነበር የሚገርመው።

የክኒኑስ ሕመም? አለ፤ ግን ከሚወራው ያነሰ ነው። በእንግሊዝ አገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ተመረጡ። ለአንድ ዓመት አንዳንዱን ወር ትክክለኛውን ክኒን፣ አንዳንዱን ወር መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን፣ አንዳንዱን ወር ምንም ሳይወስዱ ቆዩ። ከሁለቱ ክኒኖች የትኛውን እንደሚውጡ አያውቁም ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ሲወስዱ የተሰማቸው ሕመም ከትክክለኛው ክኒን ሕመም 90 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም። በእርግጥ አሟቸዋል። ነገር ግን አብዛኛውን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን ፍርሃቱና ጥርጣሬው ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ ክኒኑን እንደገና ጀመሩ።

በሆላንድ አገር ደግሞ ናይሜኸን በሚባል ከተማ በየዓመቱ አራት ቀን የሚወስድ የእግር ጉዞ አለ። በየቀኑ 30፣ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ስታቲን የሚወስዱና የማይወስዱ ተጓዦችን አወዳደረ። ክኒኑን የሚወስዱት፣ ከዚህ በፊት ጡንቻቸውን ያማቸው የነበሩትም ጭምር፣ ጡንቻቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዳም። እንግዲህ ልከኛ እንቅስቃሴና ስታቲን አብረው ይኖራሉ።

ይሁን እንጂ ክኒኑ አልፎ አልፎ ጡንቻን በእርግጥ ይጎዳል። እጅግ ከባዱ ጉዳት፣ ጡንቻ ፈራርሶ ኩላሊትን የሚያውከው፣ በዓመት ከ10 ሺህ ተጠቃሚዎች መካከል አንድ ሰው ላይ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ የሚደርስ ነው። ብርቅ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ሴሪቫስታቲን የሚባለው የዚህ ወገን ክኒን እንዲህ ያለውን ጉዳት ከሌሎቹ አብዝቶ በማድረሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ሕመምን ማወቅ፣ ማወቅ ብቻ ሳይሆን መለየት ያስፈልጋል።

ሕመሙን እንዴት እንለየው?

የእንቅስቃሴ ሕመም ከተሠራ በኋላ በማግስቱ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የሚያመው የሠራው ጡንቻ ነው። ቀስ ብለው ሲንቀሳቀሱ ይላላል። በሚቀጥለው ጊዜ ያው እንቅስቃሴ ሲደገም ሕመሙ ይቀንሳል።

የክኒኑ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ክኒኑ በተጀመረ ወይም መጠኑ ከፍ በተደረገ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በሁለቱም ወገን፣ በሁለቱም ጭን፣ በሁለቱም ዳሌ ወይም በሁለቱም ትከሻ እኩል ይሰማል። ሥራ ሳይሠሩም ያማል። ሳምንት አልፎም አይለቅም። ከወንበር መነሳት ወይም እቃ ወደ መደርደሪያ ማንሳት እስኪያቅት ጉልበት ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የተሰማው ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ወይም እንደ ቡና የጠቆረ እንደሆነ፣ ጡንቻ አብጦ በኃይል ሲያም፣ ጉልበት ድንገት ሲከዳ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ቢሆንም እንዲሁ ነው። ደረት ሲጨመድድ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም አፍ ሲጣመም ደግሞ ነገሩ የጡንቻ አይደለም። ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ሐኪሙ ሲ.ኬ. የሚባል የደም ምርመራ ያዝዝ ይሆናል። ይህ ምርመራ ጡንቻ መጎዳቱን ያሳያል። ታዲያ አንድ ቁም ነገር አለ። ከባድ እንቅስቃሴም ራሱ ሲ.ኬ.ን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት ከከባድ ስፖርት ማረፍ፣ ካልሆነም «ዶክተር፣ ከትናንት በስቲያ ዮጋ ሠርቻለሁ» ብሎ መናገር ይገባል። ያለዚያ የዮጋው ጥፋት ለክኒኑ ይጻፍበታል።

ሕመሙ በእርግጥ የክኒኑ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔም መፍትሔ አለ። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ወደ ሌላ ስታቲን ይለውጣል፣ ወይም እንደ ኤዜቲሚብ ያለ የሌላ ወገን መድኃኒት ያዝዛል። የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ወይም የቫይታሚን ዲ እጥረት ካለም ይመረምራል፤ እነዚህም ጡንቻን ያሳምማሉና። እንግዲህ የሚመረጥ ብዙ መንገድ ሳለ ክኒኑን በራስ ፈቃድ ጥሎ ዝም ማለት ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው።

በጥንቃቄ እንዴት ይጀመራል?

1ኛ፦ መጀመሪያ ሐኪምን ጠይቁ። በተለይ ልቡን የታመመ፣ ስትሮክ የነካው ወይም የልቡ ደም ሥር የተከፈተለት ሰው ሳይጠይቅ አይጀምር። ጋሼ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

2ኛ፦ ለአስተማሪው ንገሩ። «ይህን ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ይህ ይህ ሕመም አለብኝ» ማለት ነውር አይደለም። የማያዳምጥ አስተማሪ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው።

3ኛ፦ ከጥቂት ጀምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። በመካከሉ የዕረፍት ቀን ይኑር። ጡንቻው ሲለምድ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ መጨመር ይቻላል። ክኒኑ አዲስ በታዘዘበት ወይም መጠኑ በተለወጠበት ሳምንት አዲስ ከባድ እንቅስቃሴ አትጀምሩ። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ከተጀመረ የሕመሙን ምክንያት ማወቅ ያስቸግራል።

4ኛ፦ ትንፋሽ አትያዙ። ትንፋሽን አፍኖ ማማጥ የደም ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርጋል። እየተንቀሳቀሱ መናገር ካቃተ እንቅስቃሴው በዝቷል ማለት ነው።

5ኛ፦ በራስ መቆም፣ በትከሻ መቆምና እግርን ሽቅብ ሰቅሎ መቆየት ለጀማሪ አይሆንም። የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ግላኮማ ያለበት ወይም የስኳር በሽታ ዓይኑን የነካበት ሰው ጨርሶ አይሞክረው። አንገትንም በኃይል ማዞርና ወደ ኋላ መጣል አደገኛ ነው።

6ኛ፦ ስትነሱ ቀስ በሉ። ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊት ክኒንም ይወስዳል። ተንጋሎ ቆይቶ ድንገት ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ሊወድቅም ይችላል። በመጀመሪያ በጎን መዞር፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ጥቂት መተንፈስ፣ ከዚያ መቆም ነው። ሚዛን የሚጠይቀውን እንቅስቃሴ ግድግዳ ወይም ወንበር ይዞ መሥራት ይሻላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከወደቀ ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላልና የበለጠ ይጠንቀቅ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ እንዳይወርድበት ሳይበላ አይጀምር፤ ጣፋጭ ነገርም በአጠገቡ ያኑር።

7ኛ፦ ከሙቅ ክፍል ራቁ። በአንዳንድ አገር ክፍሉን እስከ 40 ዲግሪ አሙቀው የሚሠሩት የዮጋ ዓይነት አለ። ላቡ ብዙ ነው፤ ውሃ ያልቃል፤ ጡንቻና ኩላሊት ይጨነቃሉ። ስታቲን ለሚወስድ ሰው ይህ አይመከርም። በቀዝቃዛ ክፍልም ቢሆን ውሃ ጠጡ። በጾም ወቅት ውሃ የማይጠጡ ከሆነ እንቅስቃሴውን ከፍስክ ወይም ከማፍጠሪያ ሰዓት በኋላ ማድረግ፣ ወይም ቀለል አድርጎ መሥራት ይበጃል።

ለጾም ብሎ ክኒኑን ማቋረጥም አያስፈልግም። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰዱ ይችላሉ። ሲምቫስታቲን የሚወሰደው በማታ ነው። አንድ ቀን የተረሳ ክኒን ቢኖር በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

ከክኒኑ ጋር የማይስማሙ ነገሮች

የጡንቻ ጉዳት አደጋ ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው ክኒኑ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጋጭ ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን በደም ውስጥ ያከማቻቸዋል። ኤሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚሰጡት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል፣ እንዲሁም አንዳንድ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች እንዲሁ ያደርጋሉ። ጄምፋይብሮዚል የሚባለው የስብ መድኃኒትም ከስታቲን ጋር አይስማማም። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ ወይም ከመድኃኒት ቤት ሲገዛ «ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክኒን እወስዳለሁ» ማለት መልመድ አለብን። ሐኪሙ ምናልባት ክኒኑን ለጥቂት ቀን ብቻ አስቁሞ እንደገና ያስጀምራል።

ግሬፕ ፍሩት የሚባለው ትልቅ ብርቱካን መሰል ፍሬ ጭማቂውም በብዛት ሲጠጣ እንዲሁ ነው። ተራው ብርቱካን ግን ችግር የለውም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በቀይ እርሾ የተብላላ ሩዝ ተብሎ በእንክብል የሚሸጠውን ይጠንቀቁ። «የተፈጥሮ ነው» ይባላል። ነገር ግን በውስጡ ሎቫስታቲን ያው ራሱ ሊኖርበት ይችላል። ከክኒኑ ጋር የወሰደው ሰው መድኃኒቱን ሳያውቅ እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ስታቲን የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሟ ወዲያው ትንገር።

ጋሼስ?

ይህን ሁሉ ለጋሼ በሁለት ምሽት ነገርኳቸው። በሁለተኛው ምሽት ዝም ብለው ቆዩና ባለቤታቸውን ጠሩ። ሦስት ሳምንት የደበቁትን ራሳቸው ተናገሩ። እትዬ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ሐኪማቸው ዘንድ ሄዱ። የጡንቻው ምርመራ ደህና ሆነ። ኤል.ዲ.ኤሉ ግን ከበፊቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ክኒኑ በዚያው ቀን ተጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ሐኪማቸው ፈቅደውላቸው ወደ አዳራሹ ተመለሱ። አሁን የሚሠሩት በሳምንት ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ ወንበር ይዘው ነው። ባለፈው ሰሞን «ጋሼ፣ ጭንዎ እንዴት ሆነ?» ብላቸው «ሲያመኝ አሁን ቀን እቆጥራለሁ። ሳምንት ካለፈ ለሐኪሙ ነው፤ ሳምንት ካልሞላ ለራሴ ነው» አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልጽፈው አልችልም። ክኒኑና ዮጋው አይጣሉም። የሚያጣላቸው ችኮላና ዝምታ ነው። ችኮላውን በልክ መጀመር ያርቀዋል። ዝምታውን ደግሞ መናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ክኒን ማቋረጥን የደበቀም ያው ነው።

ጥያቄዎች

1. ኮሌስትሮል የበዛበት ሰው ሕመም የማይሰማው ለምንድን ነው የሚያሰጋው?
2. የእንቅስቃሴ ሕመምና የክኒን ሕመም በምን በምን ይለያያሉ?
3. በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የታዘዘለትን ክኒን በዝምታ ያቋረጠ ሰው አለን? ምን ትሉታላችሁ?